የሊቀ ናፍጣ ሂልሚያ ካቻቢቴ

በቦስኒያ ምድር የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቆመ ሰው እስካሁን አልታየም። ከቤተሰብ ተደብቆ ማግባት ይቻላል፤ የአጎቴ ልጅ አግብቷል። ከሥራ ተባርሮ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ቦርሳ አንጠልጥሎ መውጣትም ይቻላል፤ ያንንም የሞከረ አውቃለሁ። ኮፈን ግን አይደበቅም። ገና ከፍ ከማለቱ ነጠላ ጫማ ያጠለቀ፣ ግማሽ ሲኒ ቡና የያዘ ሰው አጠገብህ ቆሞ አንገቱን ወደ ሞተሩ አስግጎ ታገኘዋለህ። እንዲህ ያለ ሰው በየሕንፃው አንድ አንድ አለ። ሕንፃው ሲሠራ ከአሳንሰሩና ከውሃ ቆጣሪው ጋር አብሮ የሚገጠም ይመስለኛል።

ለእኛ ሕንፃ የደረሱን ማይስቶር ሂልሚያ ናቸው። «ማይስቶር» እጁ ሙያ ላለው ሰው ሁሉ የምንሰጠው ማዕረግ ነው፤ ቧንቧ ሠሪውም፣ ፀጉር አስተካካዩም፣ ምድጃ ጠጋኙም ማይስቶር ነው። እኔ ግን ይህ ስለማይበቃቸው በልቤ «ሊቀ ናፍጣ» ብዬ ሾሜያቸዋለሁ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አንዱን ዓመት ያሳለፉት ብረት ማቅለጫ ውስጥ፣ የጋለ ብረት ከሚዳምጠው ማሽን አጠገብ ነው። ባለቤታቸው ዙምራ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ በረንዳቸው ደግሞ የመኪና ማቆሚያችንን ከዳር እስከ ዳር ያያል።

ንግግራቸው ሁሌም አንድ መግቢያ አለው፦ «እኔ ምንም አልልም፣ ግን…» ከዚህች «ግን» በኋላ የሚመጣውን ለመስማት ወንበር ያስፈልጋል። የምድር ቤቱ ጎረቤታችን ስቲፖ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ አንድ ጊዜ ሰዓት ይዞባቸው ስለ ናፍጣ ፊልትሮ አሥራ ሰባት ደቂቃ ሳያቋርጡ ተናግረዋል። ጥያቄ ብትጠይቃቸው አያስጨርሱህም። አንተ አፍህን ስትከፍት እሳቸው መልሱን ጀምረዋል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። ከኋላ ብትጠራቸው ዞር አይሉም። አብረሃቸው ስትሄድ በግራቸው ከሆንክ ዞረው በቀኛቸው ያደርጉሃል፤ ፕሮቶኮል ያላቸው ይመስል። ትልቅ ኩራት ነው እል ነበር። እንዲያውም አንድ ጊዜ በምጽፍበት የከተማችን ጋዜጣ ላይ፣ ስማቸውን ሳልጠራ፣ «እግዚአብሔር አፍ ሲሰጣቸው ጆሮ ያለቀበት ጎረቤት» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። ሕንፃው ሁሉ አንብቦ፣ ሲገርመኝ፣ አንድም ሰው አልሳቀም።

መሣሪያቸው አንዲት ረጅም ካቻቢቴ ናት። እጀታዋ እንጨት ነው፣ በእድሜ ብዛት የወይራ ፍሬ መስሏል። የብረቱን ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፉና እጀታውን ከጆሯቸው በታች መንጋጋቸው አጥንት ላይ ይተክላሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ስቲፖ ይህን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ «ጸጥ በሉ፣ ጸሎት ተጀመረ» ይላል። ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። ሊቀ ናፍጣ ዓይናቸውን ሲገልጡ ፍርዱ ተፈርዷል።

ሥልጣናቸው ለመኪና ብቻ አይደለም። አሳንሰራችን መንቀጥቀጥ ሲጀምር አገጫቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው አምስተኛ ፎቅ ድረስ አብረውት ወጡ፤ ከዚያም የትኛው ጎማ እንደተበላ ለኩባንያው ሰዎች ነገሯቸው። ሰዎቹ ሳቁ። በማግስቱ ያንኑ ጎማ ቀየሩ። የማዶው ሕንፃ ልጅ ስታገባ በአበባ ያሸበረቀችውን የሙሽሮች መኪና ኮፈን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው ሰልፉን አስቆሙ፤ ሙሽራዋ ቬሏን ሰብስባ መንገድ ዳር ቆማ ቺንጋ ተቀየረ። በአንድ ቀብር ላይ ደግሞ አስከሬን የጫነችውን መኪና ተደግፈው ዱዓ ሲያደርጉ ቆዩና «እኔ ምንም አልልም፣ ግን የዚች ሁለተኛው ፖምፓ አልቋል» ብለው በሹክሹክታ ተናገሩ። የእሳቸው ሹክሹክታ ሦስት ሰልፍ አልፎ ይሰማል። የሟቹ ልጅ ሳይቀር ቀና አለ።

እንግዲህ እኚህ ሰው በእኔ መኪና ላይ እንዴት እንደተሾሙ ልናገር።

መኪናዋ የአባቴ ናት። ግራጫ፣ ረጅም፣ ናፍጣ ጠጪ፣ ሃያ አንድ ዓመቷ። አባቴ ከጀርመን ከተመለሰ ሰው ገዝቶ እስኪሞት ነዳት። እናቴ ሃስኒያ ከከተማው በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ያለችው መንደር ውስጥ ትኖራለች። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍታለች፤ በዚያ አካባቢ የእሷን ሱሪ ሳይለብስ የተዳረ ወንድ የለም። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ዓይኗን ሞራ ጋርዶት መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ቀርቶ የሰው ፊት አትለይም። ለቀዶ ሕክምና ሳራዬቮ ተራ ይዘንላት አሥራ አንድ ወር ጠበቅን። ቀኑ ሐሙስ ሆነ፣ በሚያዝያ።

እናቴ ቀድሞ ሁለት ጊዜ እሺ ብላ ሁለት ጊዜ ከበር ተመልሳለች። ዓይኗን በቢላ መነካቱን ትፈራለች፣ ግን ፈራሁ አትልም። ሦስተኛውን እሺ ያለችው በአንድ ሁኔታ ነው፦ «በአባትህ መኪና፣ በራሴ ወንበር ካልሆነ አልሄድም። እጀታው የት እንዳለ የማውቀው የሷን ብቻ ነው።» ታክሲ አልኳት፣ የስቲፖን ልጅ መኪና አልኳት። ድጋሚ ብናገር ሐሙሱም እንደሚቀር ስለገባኝ ነገሩን ተውኩት።

መኪናዋም ይህን የሰማች ይመስል በዚያው ሳምንት ታመመች። መጀመሪያ ማፏጨት ጀመረች፤ ነዳጅ ስትሰጣት እንደ ሩቅ ባቡር ትጮሃለች። ዓርብ ዕለት ወደ መንደሩ ዳገት ስወጣ አቅሟ እልም አለና ሁለተኛ ማርሽ ላይ እያለከለከች ቀረች። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀች። ከእኔ ኋላ የነበረው ትራክተር ቀድሞኝ ሄደ፣ ባለቤቱም እጁን አውለብልቦ አጽናናኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ማቆሚያው ውስጥ ኮፈኗን ከፈትኩ። ጉባኤው ለመሰብሰብ አራት ደቂቃ ፈጀበት። ስቲፖ የአየር ፊልትሮ ነው አለ። ከሁለተኛ ፎቅ የወረደው የታሪክ መምህር ናፍጣው ነው፣ የዛሬ ናፍጣ ውሃ ነው አለ። ሁሉም ስለ ፉጨቱ ያወራል። ሊቀ ናፍጣ ስለ ፉጨቱ ምንም አላሉም፤ ካቻቢቴዋን አውጥተው ተከሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡ ሞተሩን አስጠፍተው ወፍራሙን የአየር ቱቦ ፈቱ። ሁለት ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደው የተርቦውን፣ ለሞተሩ አየር የሚያጭቅለትን ማሽን፣ ዘንግ ወዲያ ወዲህ ነቀነቁት። ሊነቃነቅ የማይገባው ዘንግ እንደ ሕፃን ጥርስ ይወዛወዛል። ጣታቸው በዘይት ተነክሮ ወጣ፤ ስቲፖ በያዘው ጋዜጣ፣ የእኔ ጽሑፍ ባለበት ገጽ፣ ጠረጉት።

«እኔ ምንም አልልም፣ ግን ይሄ ተርቦ አልቋል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ጣታቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ። «ተርቦ ደግሞ ዝም ብሎ አይሞትም፣ ይገደላል። ገዳዩን ካልያዝክ አዲሱንም ይገድለዋል።»

ገዳዩ ማን እንደሆነ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አላስጨረሱኝም። ከበረንዳቸው ሆነው ለስድስት ዓመት እንዳዩኝ ነገሩኝ፦ ከእናቴ ዘንድ ስመለስ ሞተሩ እሳት ሆኖ እያለ፣ እንደቆምኩ ወዲያው ቁልፉን አጠፋለሁ። ጥቂት ደቂቃ እንዲረጋ አልተወውም። ዘይቱ በጋለው ተርቦ ውስጥ ቆሞ ያራል፤ ያረረው ዘይት ተርቦውን የምታጠጣውን ቀጭን ቱቦ ይደፍናታል። ተርቦው በጥም ይሞታል። ይህን ሁሉ በመላው ጉባኤ ፊት፣ ፍርድ ቤት እንደቆመ ዐቃቤ ሕግ ዘረዘሩት። ገዳዩ እኔ ነበርኩ።

ሰው እንዲህ ሲጋለጥ ሁለተኛ አስተያየት ይፈልጋል። መኪናዋን እያነከሰች ወደ ኤልቨዲን ጋራዥ ወሰድኳት፤ ኮምፒዩተር አለው፣ ቱታው ንጹሕ ነው። ገመድ ሰክቶ አርባ ደቂቃ ከመረመረ በኋላ ተርቦው አልቋል፣ የዘይት ቱቦዋም ተደፍናለች አለኝ። ሥራ ስለበዛበት ግን ቶሎ ሊሠራልኝ የሚችለው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሐሙስን ነገርኩት። አዝኖ ራሱን ነቀነቀና ማን እንዳየልኝ ጠየቀኝ። ስማቸውን ስነግረው «ታዲያ እዚህ ምን ልትሠራ መጣህ?» አለኝ።

ስለዚህ ሰኞ ዕለት ከሊቀ ናፍጣ ጋር የአሮጌ መኪና ዕቃ የሚሸጥበት ግቢ ውስጥ ነበርኩ። እንዴት እንደሚመርጡ ብታዩ ለልጃቸው ባል የሚመርጡ ይመስላችኋል። ስድስት ተርቦ አገላብጠው ስድስቱንም አዋረዱ። ሰባተኛውን ዘንጉን በጣታቸው አሽከረከሩት፣ አሸተቱት፣ ጉንጫቸው ላይ አስጠጉት። ሻጩ ኦሪጅናል ነው ብሎ ሲምልላቸው ፊቱን እንኳን አላዩም። «ይሄ ይሆናል» አሉኝና መንገድ ጀመሩ፤ እኔ ተርቦውን አቅፌ ተከተልኳቸው።

ማክሰኞ መኪናዋን በክሪክ አንስተን ፊቷን ድጋፍ ላይ አሳረፍናት። ሥራው ቀላል አልነበረም። የጭስ ማውጫው ቡሎኖች ዝገው አንድ አካል ሆነዋል፤ ሊቀ ናፍጣ በዋዜማው ዘይት አጠጥተዋቸው አድረው እንኳን አንዱ ተሰበረ። ስቲፖ ፋኖስ ያዘ፣ የታሪክ መምህሩ መፍቻ አቀበለ፣ ሁለቱም በየአምስት ደቂቃው ተሳሳቱ። ማታ ላይ አሮጌው ወጣ። አዲስ ቱቦ፣ መጋጠሚያውን የሚያሽግ አዲስ ጓርኒሲዮን ተገጠመ። ሊቀ ናፍጣ አዲሱን ተርቦ ከመግጠማቸው በፊት ውስጡ ዘይት አፍስሰው ዘንጉን በጣታቸው ብዙ ጊዜ አዞሩት፤ ደረቅ ጉሮሮ ይዞ ሥራ እንዳይጀምር ነው አሉ።

ረቡዕ ጠዋት የቀረው ጥቂት ነበር። ሊቀ ናፍጣ ጥቁሩን ኮታቸውን ለብሰው ወረዱ፤ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ሞቶ የቀትሩ ሶላት ላይ ሊቀብሩ ነው። ኮቱ ልጃቸው ስትዳር ዙምራ መርጣ ያሠራችላቸው ነው፤ ለሠርግም ለቀብርም ያው አንዱ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ጣታቸውን ከፊት ወዳለው ራዲያተር ጠቆሙ፤ የውሃው ሳይሆን ከተርቦው የሚወጣው አየር የሚቀዘቅዝበት ነው። እሱ ሳይፈታና ሳይታጠብ ሞተሩን እንዳልነካ አዘዙኝ። አሮጌው ተርቦ ሲተፋ የከረመው ዘይት እዚያ ውስጥ ተጠራቅሟል። «ቁልፉን እንዳትነካ፣ ልጄ» አሉኝና ሄዱ።

እዚህ ላይ የአገሬን ሰው አንድ ድካም መናዘዝ አለብኝ። እኛ ዘንድ «ኦሪጅናል» የሚባል ቃል አለ፣ ከእምነት የሚተናነስ አይደለም። አንድ መኪና ላይ ከፋብሪካው ከወጣች ጀምሮ ያልተፈታ ቡሎን ከተገኘ ሰው ተጠራርቶ መጥቶ ያየዋል። ያ ራዲያተር ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ተፈትቶ አያውቅም። የፋብሪካው ቀለም ምልክት ዳዶዎቹ ላይ አለ። ስቲፖ ቀረብ ብሎ አየና «ይሄንማ መንካት ኃጢአት ነው፣ ኔርሚን» አለኝ። የታሪክ መምህሩም ተስማማ። ጀርመኖች ያጠበቁትን እኛ ማን ነንና እንፈታለን? እውነቱን ለመናገር ከዚህ ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ለአራት ቀን ታዝዣለሁ። በጉባኤ ፊት ነፍሰ ገዳይ ተብያለሁ። ሰውየው ከቀብር ሲመለሱ ሞተሩ እየሠራ፣ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ እንዲያገኙኝ ፈለግኩ።

ከቀብር የሚመለሱበት ሰዓት ሲቃረብ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ተነሳ፤ ፉጨት የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ። ስቲፖ አጨበጨበ። ወርጄ እጄን ኪሴ ከተትኩ፣ ያሰብኩትን አቋቋም ቆምኩ።

ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነዳጅ መስጫውን ማንም ሳይነካው ሞተሩ በራሱ ከፍ እያለ መጣ። ከዚያ አበደ። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ራዲያተሩ ውስጥ የተኛውን ዘይት መጠጣት ጀምሯል፣ ከእንግዲህ ናፍጣም አያስፈልገውም። ዘልዬ ገብቼ ቁልፉን አጠፋሁ፤ አልጠፋም። ቁልፉን ነቅዬ በእጄ ይዤ እሱ ይጮሃል። ነጭ ጭስ ማቆሚያውን ሞላው። በማርሽ አንቀው የሚያቆሙ እንዳሉ አውቃለሁ፣ ግን መኪናዋ ድጋፍ ላይ ናት፤ አሁንም ድጋፉ ላይ እየተወዛወዘች ነው። ስቲፖ ውጣ እያለ በእጅጌዬ ጎተተኝ። ወጣሁ። ቁልፉን ጨብጬ ቆሜ የማየው ሞተሩን አልነበረም፤ የእናቴን ዓይን ነው። አሥራ አንድ ወር በዚያ ጭስ ውስጥ ሲሄድ አየሁት።

በዚያ ጭስ መሃል ሊቀ ናፍጣ ብቅ አሉ። አልሮጡም፣ ቶሎ ቶሎ ተራመዱ። እየተራመዱ ኮታቸውን አወለቁ፣ በሁለት እጃቸው ጠቀለሉት፣ ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብለው አየር በሚገባበት አፍ ላይ ደፍነው በደረታቸው ተጫኑት። እኛ ሦስታችን ጆሯችንን ይዘን በምንንቀጠቀጥበት ጩኸት ላይ ተኝተው ፊታቸው እንኳን አልተኮማተረም። ሞተሩ ኮቱን ሊውጥ ታገለ፣ ጨርቅ ሲቀደድ ሰማሁ። ከዚያ ሳል ሳል ብሎ ተንፈራፍሮ ቆመ።

ጸጥታው ራሱ ጆሮ ያማል። እሳቸው ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ፣ ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው። በሕይወቴ ከልቤ ይቅርታ የጠየቅኩት ያን ቀን ነው። ትዕዛዛቸውን ስላፈረስኩ፣ ጋዜጣ ላይ ስለጻፍኩባቸው፣ ስለ ኮቱ፣ ሁሉን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ሊቀ ናፍጣ ዞር አላሉም። ቅር ብሏቸዋል ብዬ እንደገና ጀመርኩ፣ ከፍ አድርጌ። ከኮቱ ላይ የተቃጠለ ክር እየለቀሙ ነው። በሦስተኛው ጮኽኩ ማለት ይቻላል። እሳቸው ቀና አሉ፣ ሲዞሩ ፊቴን አዩና ደነገጡ።

«እኔ ምንም አልልም፣ ግን» አሉ ቶሎ ብለው፣ «ራዲያተሩን አላጠብክም።»

ከተናገርኩት አንዲት ቃል አልሰሙም ነበር።

ያኔ ሁሉም ነገር በተራ በተራው መጣልኝ፦ በቀኛቸው መቆሙ፣ የማያስጨርሱት ጥያቄ፣ ሦስት ሰልፍ የሚደርሰው ሹክሹክታ፣ መንጋጋቸው ላይ የሚተክሏት ካቻቢቴ። ሁሉ ያወራለትን ፉጨት እሳቸው ብቻ አንድ ቀን እንኳን አላነሱትም። ስቲፖ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። «የግራው ጆሮ ጭራሽ የለም፣ የቀኙም እያለቀ ነው» አለኝ። «የብረቱ ጩኸት ነው የበላቸው። ሁላችንም እናውቃለን፤ አንተ ጻፍ ጻፍ ታደርጋለህ እንጂ የት ታያለህ። ሰው የሚጠይቃቸውን እንዳይስቱ ብለው ቀድመው ይናገራሉ። እንዲናገሩ እንተዋቸዋለን።» በዚያ ሕንፃ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። ያን ጽሑፌን አንብቦ ለምን ማንም እንዳልሳቀ የገባኝ ያኔ ነው፤ አፈርኩ፣ እስካሁንም አፍራለሁ።

ከዚያ ዞሬ በቀኛቸው በኩል ቆምኩና፣ ከንፈሬን እያሳየሁ፣ ቀስ ብዬ «ምን እናድርግ፣ ማይስቶር?» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝ። እንዳወቅኩ አወቁ። ካቻቢቴዋን አንስተው ወደ ራዲያተሩ ጠቆሙ።

ፈታነው። በእነዚያ የተቀደሱ ኦሪጅናል ዳዶዎች ላይ መፍቻ የጫነው ስቲፖ ነው፤ መጀመሪያ አማተበ። ራዲያተሩን ስንዘቀዝቀው ሁለት ሲኒ የሚሞላ ጥቁር ዘይት ባልዲው ውስጥ ተንጠባጠበ። ሦስት ጊዜ አጠብነው፣ አደረቅነው፣ የሞተሩንም ዘይት ቀየርን። ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪናዋን ከድጋፏ አውርደን አስነሳናት። ሊቀ ናፍጣ ካቻቢቴዋን ተክለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስቲፖ ኮፍያውን አወለቀ፣ በዚህ ጊዜ ግን ቀልድ አልተናገረም። ብዙ ቆዩ። ሲገልጡ ራሳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ነቀነቁ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አብረውኝ ሄዱ። ማንም አልጋበዛቸውም፤ ወርጄ ሳይ በሸሚዝ ሆነው መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣነው። መንደሩ ስንደርስ ቁልፉን ልነካ ስል እጄን ያዙኝ፤ ሁለት ደቂቃ ሞተሩ እየሠራ ጠበቅን። እናቴ በሩ ላይ ናት፣ ሻርፗን አስራ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ። የመኪናዋን በር ዳሰሰች፣ ገባች፣ ከራሷ በላይ ያለውን እጀታ አገኘችና ጨበጠች። ማይስቶር ከኋላ ተቀምጠው የካቻቢቴዋን ጫፍ በሩ ብረት ላይ፣ እጀታዋን መንጋጋቸው ላይ አድርገዋል።

እናቴ ሰላም አለቻቸው፤ መልስ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የደገመችው። ከዚያ ወደ ኋላ እጇን ዘርግታ የሸሚዛቸውን እጅጌ ነካ አደረገች፣ ፊቷንም አዙራ እያንዳንዱን ቃል ለይታ ተናገረች። እኔ ሃያ ዓመት ያልገባኝ ነገር ለእሷ አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። የጎረቤቷ የአሊያ ፕለም ዛፍ አበባ አውጥቶ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም አጥሩ ድረስ ነጭ እንደሆነ፣ አንዱ ቅርንጫፍ መሰበሩን፣ ሥሩ ሁለት በግ መተኛቱን ነገሯት፤ እስከ ታችኛው ድልድይ ያየነውን ሁሉ ነገሯት። ቁልቁለቱ አልቆ ሳራዬቮ መንገድ ላይ ስንወጣ ለመኪናዋ ነዳጅ ሰጠኋት። ያኔ ማይስቶር ወደ ፊት ጠጋ አሉ። በሃያ ዓመት ጉርብትና እኚህ ሰው ሌላ ሰው ሲጠይቁ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ሃስኒያ፣ ታፏጫለች?»

እናቴ አዳመጠች። እጀታውን የጨበጠው እጇ ላላ አለ።

«አታፏጭም» አለቻቸው። «እሱ በነበረ ጊዜ እንደነበረችው ናት።»

ሆስፒታሉ በር ላይ በሦስተኛው ጊዜ አልተመለሰችም። የመኪናዋን በር ዘግታ፣ በክንዴ ተይዛ ገባች። ማይስቶር እስክትወጣ ኮፈኑን ከፍተው ማቆሚያው ውስጥ ቆመው ጠበቁ፤ ስመለስ በዙሪያቸው አራት የማላውቃቸው ሰዎች ቆመው ያዳምጧቸዋል።

በሳምንቱ የዓይኗ መሸፈኛ ሲነሳ እናቴ መጀመሪያ ያለችው ማርጀቴን ነው። ሁለተኛው ጥያቄዋ «ያ በሸሚዝ የመጣው ሰውዬ ኮት የለውም ወይ?» የሚል ነበር። ነገርኳት። ኮቱን አምጣ አለችኝ። ማይስቶር ለቆሻሻ መጣያ አሳልፈው ሊሰጡት ሲሉ ነው የወሰድኩባቸው፤ የግራው ደረት ተበጣጥሷል፣ የቀረው ዘይት ጠጥቷል።

ሦስት ሳምንት ይዛው ቆየች። በአንድ እሑድ ለምሳ ጠራቻቸው፤ እኔና ስቲፖም ነበርን። ኮቱ ወንበር ጀርባ ላይ ተሰቅሏል። የግራውን ደረት ሙሉ በሙሉ ተክታዋለች፣ ጨርቁ ትንሽ ጠቆር ይላል እንጂ ስፌቱ አይታይም። ማይስቶር ለበሱት። ትከሻቸውን አስተካከለችላቸውና እጃቸውን ይዛ ወደ ኮቱ ውስጥ ወሰደችው። በገበሩ ውስጥ፣ ከብብት እስከ ወገብ፣ ጠባብና ረጅም ኪስ ሰፍታበታለች። ማይስቶር ኪሱን ዳሰሱት፣ ለምን እንደሆነ መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ካቻቢቴዋን አውጥተው ከተቷት። ልክክ አለች፤ የእንጨት እጀታዋ ብቻ ብቅ ብሎ ቀረ።

ይህን ከመጻፌ በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቄአለሁ፣ በቀኛቸው ቆሜ። ስለ ራዲያተሩ እሳቸው ልክ እንደነበሩ እስከጻፍኩ ድረስ ግድ የለም አሉኝ። ልክ ነበሩ።

ያን እሑድ ግን፣ ኮቱን ለብሰው መሃል ወለሉ ላይ ቆመው፣ እናቴን አዩ፣ እናቴም አየቻቸው።

«እኔ ምንም አልልም» አሉ።

ስቲፖ ሰዓቱን አወጣ። «ግን»ን ጠበቅን። አልመጣችም። ማይስቶር ሂልሚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ፣ አዲሱ ጨርቅ ላይ አድርገው ቆሙ።